የአቶ ንፋስ ልጆች ቁጥር

የካቲት 9

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ «ሟች ባለትዳርና የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ አነበበ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እያለቀስኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላለቀስኩም።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ጤናዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ዘግይቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ወንድሞቼና እኔ፣ ቆመን እንሄዳለን። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አባቴን የቀበርነው እርስዎ ከባሕር ማዶ በላኩት የሕይወት ታሪክ ነው። ትልቁ ወንድሜ በስልኩ ተቀብሎ ሳያነበው አሳተመው። ለማንበብ ዓይን አልነበረውም፤ አልፈርድበትም። ያነበበው የሰፈራችን መምህር ነው፣ እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው። «ሁለት» ካለ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን ደግሞ አየው። የታተመ ነገር መምህርንም ያስፈራል። ቀጠለ።

ሌላም ነገር ነበረበት። «በትራንስፖርት ዘርፍ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ» ይላል። አባቴ ጎሚስታ ነበር፣ ጋሼ። ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ንፋስ ይሞላል፤ ሰፈሩ ሁሉ «አቶ ንፋስ» የሚለው ለዚህ ነው። «ዝምተኛና ቁጥብ» ሲባል ደግሞ ከኋላ የቆሙት የታክሲ ሹፌሮች ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀብር ላይ። ያንን ሳቅ አባቴ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር። ቁጥሩን ቢሰማ ግን ከሳጥኑ ይነሳ ነበር።

በችኮላ የተደረገ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የማምነውም ማመን ስለምፈልግ ነው። ለሐውልቱ የሚሆነውንም ጽሑፍ እርስዎ እንደሚልኩ ወንድሜ ነግሮኛል። እንግዲያው ድንጋይ ላይ ከመቀረጹ በፊት ይታረም። ሦስት ነን። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 4

ይድረስ ለወንድሜ ቤት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ክፉውን ቀን ያሳለፈ አምላክ መጪውን ያቅናላችሁ፤ እንባችሁን ያብስላችሁ። እኛ ክብር ለእርሱ ይሁንና ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል፤ ባለቤቴም ሰላም ትላችኋለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የተማረ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ኮርቻለሁ። ስላነሳሽው ነገር ጊዜ ወስደን በሰፊው እንነጋገራለን። አሁን ስለ አስቸኳዩ ልጻፍልሽ።

ሐውልቱ በሚቆምበት ቀን፣ ግንቦት 30፣ ለእንግዶች የምትታደል አንዲት አነስ ያለች የመታሰቢያ መጽሔት ላሳትም አስቤአለሁ። ችግሩ፣ እኔ ከወጣሁ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የማውቀው የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ሠራ፣ ቤቱን እንዴት እንደ መራ፣ ሰው ለምን እንደዚያ እንደ ወደደው ከሩቅ ሆኜ ልጽፈው አልቻልኩም። ለወንድሞችሽ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ትልቁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሦስት ሳምንት ጠፋ፤ ትንሹ የላከልኝ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፣ እሱም የራሱ ነው።

ስለዚህ አደራውን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ቁም ነገር ያለበትን፣ ለትውልድ የሚተርፈውን ጻፊልኝ። ቀልድ አታብዢበት፤ ለመጽሔት አይሆንም።

በረከቱ አይለያችሁ።

የሟች ወንድም


መጋቢት 8

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ። ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ።

ስለ ቁጥሩ «በሰፊው እንነጋገራለን» ብለዋል። ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ምን ስፋት አለው? ግን መልስዎን እስካገኝ የጠየቁኝን ልፈጽም። አባቴ የጠየቀውን ሰው አቁሞ አያስጠብቅም ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ ከጎማ ቤቱ ቆሜ ነው። መቀመጥ አቅቶኛል። ቤት ስሆን እዚህ መምጣት ያምረኛል፣ እዚህ ስሆን ቤት። የሕግ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ እየጠበቅሁ ስለሆነ ከትልቁ ወንድሜ ጋር በሩን እየከፈትን ነው። በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒው መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ክሪኩ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ቸርኬዎቹ ግድግዳ ላይ፣ ውኃ የሞላበት በርሜል ጥግ ላይ።

እኔ ያደግሁት በዚያ በርሜል አጠገብ ነው። አባቴ የተነፈሰውን ጎማ ሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ መፈለግ የእኔ ሥራ ነበር። አገኘሁ ብዬ ጣቴን ሳስቀምጥበት ለባለ መኪናው ዞሮ «ዳኛዋ ፈርዳለች፤ ይግባኝ የለም» ይላል። ዛሬም ሰፈሩ የሚጠራኝ «ዳኛ» ብሎ ነው። አንድ ቀን አንድ ሹፌር «ቶሎ በል እንጂ! ቶሎ በል!» እያለ ቢያጣድፈው፣ «ወንድሜ፣ የፈነዳው ጎማህ ነው፤ አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለው። ሰውዬው ስቆ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ደህና ሆኖ እንኳ ለወሬ ይመጣ ነበር።

ቁም ነገር ካሉ ይኸውልዎ። እናቴ ጀርባዋን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። መቀመጥ አትችልም ነበር። አባቴ የትንሽ መኪና የውስጥ ጎማ አጥቦ፣ በአልጋ ልብስ ጠቅልሎ፣ ለስለስ አድርጎ ሞልቶ አመጣላት። ተቀመጠች። አጠገቧ የተኛችው ሴት አየች፣ ማዶ ያለችው አየች። በሳምንቱ አሥራ አንድ ጎማ ይዞ መጣ። በየቀኑ ማለዳ ከሥራ በፊት ክፍሉን እየዞረ «እዚህ ቤት ንፋስ የጎደለው አለ?» ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ መጀመሪያ ተቆጣችው፤ በኋላ ለራሷ ወንበር አንድ አዘዘችው።

ሌላ። እኔ አምስተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ ለሽልማት ወላጅ ተጠራ። አባቴ በሥራ ልብሱ፣ እጁ እንደ ጠቆረ መጣ። ዘበኛው አላስገባም አለ። አባቴ ዞሮ ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ የመኪና ጎማ በግቢው መካከል እያንከባለለ ገባ። ዘበኛውን «የርእሰ መምህሩን ትርፍ ጎማ ነው የማመጣው» ብሎት ነበር። ጎማውን አጠገቡ አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። ስሜ ሲጠራ ከሁሉ በፊት ቆሞ «የእኔ ናት!» አለ። ርእሰ መምህሩ «ጎማዋ ወይስ ልጅቱ?» ቢለው፣ «ጎማዋን ውሰድ» አለው።

ጋሼ፣ ይህንን ሲጽፉ «የእኔ ናት» ያለውን አይርሱብኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለወንድሜ ቤት፣

የሰላም አምላክ በደጃችሁ ይቁም። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፤ ከአሳታሚው ጋር ስመላለስ ወር አለፈ።

የጻፍሽው ግሩም ነው። የሆስፒታሉን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። መጽሔቷ ከዚህ የተሻለ ነገር አይኖራትም። ጥቂት ማስተካከያ ብቻ አድርጌአለሁ። የትምህርት ቤቱን «አንድ ጊዜ ትልቁ ልጃቸው ለሽልማት በተጠራ ጊዜ» ብዬ ጀምሬዋለሁ። በርሜሉንም «ልጆቹን ሥራ እያስተማረ» ብዬዋለሁ። ጸሐፊውም ትልቁ ወንድምሽ ቢባል ለአንባቢ ይቀናል፤ እሱም ደስ ይለዋል።

ስለ ቁጥሩ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ታሪክ መዝገብ ነው። መዝገብ የሚይዘው ደግሞ የተወለደውን ነው። እናትሽ የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ እንደ ገባች የማያውቅ ዘመድ የለም። ወንድሜ አንቺን ማሳደጉ ጽድቅ ነው፤ ጽድቁን የሚቆጥር አለ። እኔና አንቺ ድንጋይ ላይ ልንቆጥረው አይገባም።

ጽሑፉን ለድንጋይ ጠራቢው ልኬአለሁ። ሐውልቱ ተጠርቦ እንደ ሆነ ሄደሽ አይተሽ ጻፊልኝ። አንድ የእሱ ጥሩ ፎቶግራፍም ላኪልኝ፤ ኮት የለበሰበት ካለ።

የሟች ወንድም


ሚያዝያ 15

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው።

ኮት የለበሰበት ፎቶግራፍ ከአንድ በቀር የለም። የሠርጉ ቀን የለበሰው የተከራየው ነበር፤ በዚያም ላይ እኔ አንገቱ ላይ ተቀምጫለሁ። ልላክልዎ? ከራሱ በላይ ያለውን ቢቆርጡት ይሆንልዎታል።

እንዳዘዙኝ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ነጭ አቧራ ነው፤ ሰውዬው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። የአባቴ ድንጋይ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል። ስሙ አልቋል፣ ቀኑ አልቋል።

«ከዚህ በታች ምን ይመጣል?» አልኩት።

«የሁለት ልጆች አባት።»

«ሦስት ነን።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እኔ የተጻፈልኝን ነው የምጠርበው። ወረቀት ይሰረዛል፤ ይሄ ላጲስ የለውም። ተስማምታችሁ ኑ።»

«ወረቀቱን የላኩት ሰው ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ አልነበሩም።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ቆይ፣ አቶ ንፋስ ነው እንዴ? የጋሪዬን ጎማ የለጠፈልኝ? አንቺ ያቺ ዳኛዋ አይደለሽም?» አለና ድንጋዩን እንደ አዲስ አየው። «ታዲያ አንቺን የት ጣሉሽ?»

ጋሼ፣ አንድ ድንጋይ ጠራቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቀውን እኔ በሁለት ወር ደብዳቤ አልጠየቅኩዎትም። እስከ ግንቦት ሃያ ድረስ እጁን እንደማያሳርፍበት ቃል ሰጥቶኛል። «ባዶ ልተወው? ባዶ ድንጋይ አያጣላም» ብሎኝ ነበር። ባዶውም ያጣላል አልኩት።

ቤት ስመለስ እናቴ «ተይው ልጄ፤ ሙት አናስጨንቅ» አለች። «የተጨነቀው ሕያው ነው» አልኳት። እጇን እያሻሸች አንድ ነገር ነገረችኝ። ሲጋቡ አባቴ ለእርስዎ ደብዳቤ ጽፎ ነበር አለች። መልስዎ መጣ። መልሱን ለማንም አላሳየም። ከዚያ አራት ዓመት፣ ትልቁ ወንድሜ እስኪወለድ ድረስ፣ አልተጻጻፋችሁም። ለምን እንደሆነ በጠየቀችው ቁጥር «የፖስታ ቤቱ ጎማ ተንፍሷል፤ ጠግኜ እስክጨርስ ነው» ይላት ነበር።

ስለ ጽሑፌ ማስተካከያ ደግሞ፣ የጻፍኩበትን እጅ ቆርጠው በወንድሜ ትከሻ ላይ እየሰፉት ነው። ወንድሜ ራሱ ያስተካከሉትን ሲያነብ «እኔ አምስተኛ ክፍል ደግሜያለሁ እኮ፤ ሰው ይስቅብኛል» ነው ያለው። ጽሑፌን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ያንን የአባቴን ደብዳቤም። አልጣሉትም ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎ መዝገብ ይወዳሉ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 10

ይድረስ ለአንቺ ለልጄ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ያብዛልሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ይበርደኛል፣ እዘጋለሁ። ባለቤቴ «ፊደል ረሳህ?» ትለኛለች።

የጠየቅሽውን ደብዳቤ አልጣልኩትም። ዋናውን ግን ልልክልሽ አልቻልኩም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በእጄ ገልብጬልሻለሁ፣ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ሆይ፣ ምሥራች ብዬሃለሁ። አገባሁ፣ ወለድኩም። ልጄ የተወለደችው በሁለት ዓመቷ ነው። በራሷ እግር እየሄደች መጥታ ጉልበቴ ላይ ወጣችና ጺሜን ጎተተች። ጥርስ አብቅላ ስለ መጣች ብዙ ድካም ቀርቶልኛል፤ ስምም ይዛ ስለ መጣች አንተን ስም አውጣ ብዬ አላስቸግርህም። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ 'ይሄ ምንድን ነው?' ትላለች፣ የማላውቀውም በዛብኝ። አጎት ሆነሃልና እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ ጋብዝ።»

እኔ የመለስኩለትን ቅጂ አልያዝኩም። ግን አስታውሰዋለሁ። «የሰው ልጅ ተሸክመህ የምትስቅ፣ ሞኝ ነህ» ነው ያልኩት። ሌላም ነበረበት፤ ስለ እናትሽ። አልጽፈውም። ከአራት ዓመት በኋላ ትልቁ ወንድ ሲወለድ ነው መልሶ የጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ ወንዶቹ ይጽፍልኛል፤ አንቺን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። እየቆየ ሲሄድ፣ እንደሌለሽ ማሰብ ቀለለኝ። የሕይወት ታሪኩን ስጽፍ የማውቃቸውን ነው የቆጠርኩት። ሦስት ብዬ ብጽፍ፣ ያኔ ያልኩትን ሁሉ በሕዝብ ፊት እንደ መብላት ሆነብኝ።

አሁን ላርመው። ለሐውልቱም ለመጽሔቱም እንዲህ ብንል፦ «የሁለት ወንዶች ልጆች አባት፣ የአንዲት ሴት ልጅ አሳዳጊ»። እውነቱም ይሄው ነው፤ ክብርም አለው። ደግነቱን ያሳያል። ይበቃሻል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለወንድሞችሽ አታሳዪ። በእናትሽ ፊት ደግሞ በፍጹም። ሽማግሌ ነኝ፤ በቀረኝ ዕድሜ አታሳፍሪኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «አጎትሽ» ብለው ፈርመዋል፤ አይቼዋለሁ። ስለ ገለበጡልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ጎንበስ ብዬ ነው የማመሰግነው፤ በዚህ ዓመት ከማንም እጅ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

ልመናዎን ግን አልፈጸምኩም። በሐቅ መጀመር ይሻላል።

ትናንት ምሳ ላይ ሁላችንም በተቀመጥንበት የአባቴን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ «ጺሜን ጎተተች» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ውሸቱን ነው፤ ያኔ ጺም አልነበረውም» አለች። ትንሹ ወንድሜ «ታዲያ እኔ ስመጣስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። «አንተማ ራሰ በራ ሆነህ፣ እየጮህክ መጣህ» አለችው። ትልቁ «ስለዚህ ከሦስታችን ደህና ሆና የመጣች እሷ ብቻ ናት» አለ። ከዚያ የእርስዎን ደብዳቤ አነበብኩ። ማንም አልሳቀም። እናቴ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፣ ግማሹን ሰብስባ ተወችው፣ ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ድንጋዩ ጋ።»

ጀርባዋ እያመማት በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ አልፈለገችም። እኔ ከኋላዋ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቀላል። ድንጋይ ጠራቢው ሲያየን ተነሳ።

«ተስማማችሁ?» አለ።

«ከማን ጋር ነው የምስማማው?» አለችው እናቴ። «ሰውየውን ያገባሁት እኔ፣ ልጆቹን የወለድኩት እኔ። ቁጥሩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ አምጣልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ...»

«ሦስት በል።»

ቆማ አስጀመረችው። «የሦስት ልጆች አባት» ይላል። የመጨረሻውን ፊደል ሲጨርስ አቧራውን በእጁ ጠረገና «እንዲህ ነበር መሆን ያለበት፤ መጀመሪያም ቦታው ለሁለት ሰፍቶብኝ ነበር» አለ። እውነቱን ይሁን እኛን ለማስደሰት አላውቅም።

ስለ መጽሔቷ። የጻፍኩት የእኔ ነው፤ በእኔ ስም፣ በጻፍኩት ቃል ካልወጣ አይወጣም። ወንድሞቼ ለአሳታሚው የሚላክ ወረቀት ላይ ከእኔ ጋር ፈርመዋል፤ ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። በቀብሩ ላይ ያልቆሙት እርስዎ አሁን መጥተው ቢቆሙ፣ ግንቦት 30 ቦታ አለዎት። አባቴ እኮ አራት ዓመት ዝም ብሎ በመጨረሻ መልሶ የጻፈልዎ ሰው ነው። ከእኔ ግን ያንን አይጠብቁ። እኔ የምሰጥዎ መንገዱን ብቻ ነው፤ መሄዱ የእርስዎ ነው።

ስላለፈው ስድብ ይቅርታ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ለእናቴ በነገርኩልዎ ነበር። አልጠየቁም። የጠየቁት ዝም እንድል ነው። አባቴ ስለ እኔ ዝም ያለው እርስዎ እንዳያቆስሉኝ ነው፤ ያ ዝምታ የእሱ ነበር፣ ከእሱ ጋር ተቀብሯል። እኔ አልወረስኩትም።

«አሳዳጊ» ያሉት ቃል ክፉ ቃል አይደለም። ሰው ሲያሳድግ ልጁን ነው የሚያሳድገው። እርስዎ የጻፉት ግን እሱን ከፍ ለማድረግ እኔን ከበር ላይ ተጥላ የተነሳች አድርጎ ነው። አባቴ በሕይወቱ ለእኔ ደግ ሆኖ አያውቅም፤ አባቴ ነበር እንጂ። ምግብ ሲያበላኝ ጽድቅ አልቆጠረም፤ ሲቆጣኝም እንደ እንግዳ አልራራልኝም። ጎማ እያንከባለለ የገባበትን ግቢ ያስታውሱ፤ ያን ዕለት የመጣው ለምጽዋት አልነበረም።

ስለዚህ ይህን በደንብ ልጻፈው። በወረቀትም፣ በድንጋይም፣ በሰው አፍም፣ የአባቴን ደግነት ለማሳየት እኔን ምጽዋት አድርጎ የሚያቀርብ አንድም ቃል ከእንግዲህ አልቀበልም።